የእሷ ያልሆኑት አሥራ አራት ቁጥሮች

ፍርዱን ለእናንተ ከመተዌ በፊት ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር። ያኔ ትዕቢተኛ ነበርኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አርባ ምንጭ ተወልጄ፣ እዚያው ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ፣ ሴቻ ሰፈር አባቴ ቤት ሆኜ ፕሮግራም እጽፍ ነበር። አባቴ ከጎጃም በአስተማሪነት ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ከጋሞኛ የማውቀው ሰላምታና የገበያ ቃል ብቻ ነበር። ሰዎች «እዚህ ተወልደሽ እንዴት አልቻልሽም?» ሲሉኝ «ኮምፒውተሩ በጋሞኛ አይሠራ!» እያልኩ አሾፍ ነበር። ዛሬ ያቺ ቀልድ ትዝ ስትለኝ ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

ነገሩ የሆነው ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው እምብዛም በማይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። ክሊኒኩ ዛሬ የለም፤ ስሙንም አልጠራም። የላቦራቶሪው ሰው ዘነበ ይባላል። ከከተማው በላይ ካለው ደጋ፣ የዶርዜ ልጅ ነው፤ ተጫዋች፣ ሥራ ወዳድ፣ ሞተር ሳይክሉን ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳል እየተባለ የሚታማ። ክሊኒኩ አንድ የደም መመርመሪያ ማሽን ነበረው። የማሽኑ ማተሚያ ተበላሸ። ወረቀቱም ያቺ ጠባብ ጥቅል ስለሆነች አዲስ አበባም ተፈልጋ ጠፋች። ዘነበ ውጤቱን ከትንሿ የማሽኑ ስክሪን እያየ በእጁ ሲገለብጥ ይውላል።

«አንቺ፣ ኢንጅነር ነኝ ካልሽ እስቲ ከዚህ ጣጣ ገላግይኝ» አለኝ አንድ ቀን።

«ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አልኩት። በዘጠኝ ቀን ጨረስኩት። ማሽኑ በሽቦ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኘ፤ ውጤቱ የክሊኒኩ ማኅተም ባለበት ትልቅ ወረቀት ላይ ታትሞ ይወጣ ጀመር። «በቃ፣ ትንሿን ስክሪን ማየት ቀረልህ» ብዬው እንደነበር አልረሳውም። እሱም እውነት ብሎ ማየቱን ተወ።

አሁን ትንሽ ታገሡኝ፤ ጥፋቴን እንድታውቁት ሥራውን ማስረዳት አለብኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ አለ። እኔ የጻፍኩበት ቋንቋ የራሱ የታጠረ ግቢ አለው። ግቢው ዘበኛ አለው፤ ያረጀውን ይጠርጋል፣ ከወሰን ስታልፍ ይጮህብሃል። የማሽኑ ሠሪዎች የላኩት ፕሮግራም ግን የሚሠራው ከዚያ ግቢ ውጪ፣ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ዘበኛ የለም፤ የሚጠርግም የለም። አንዴ የተቀመጠ ነገር ሌላ እስኪቀመጥበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ማሽኑ የአንድ ሰው ደም ሲመረምር አሥራ ስምንት ቁጥሮች በተርታ ሜዳው ላይ ይደረድራል። የእኔ ሥራ ከሜዳው ወደ ግቢዬ መቅዳት ነበር። አንዲት መስመር ናት፦ ከዚህ ቦታ ጀምረህ ይህን ያህል ቁጥር ቅዳ።

«ይህን ያህል» የምትለው ቃል ናት የበላችኝ። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ሰው ስንት ቁጥር እንደ ደረደረ ለብቻው ይናገራል። ደሙ ከረጋበት ወይም ካነሰው መሃል ላይ አቋርጦ «አራት ብቻ ነው ያገኘሁት» ሊል ይችላል። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ አላየሁም አልልም፣ አይቻለሁ። «ሁልጊዜም አሥራ ስምንት ነው፣ ምን ያስጠይቃል?» ብዬ አሥራ ስምንትን በእጄ ጻፍኩና አለፍኩ። ስለዚህ ማሽኑ አራት ቁጥር ብቻ ደርድሮ ቢያቆም፣ የእኔ ፕሮግራም የቀሩትን አሥራ አራቱን ከፊት ከነበረው ሰው ይወስዳል ማለት ነው።

ስንሞክረው ግን ስህተቱ አልታየም። ዘነበ በሁለት ሰው መሃል ማሽኑን ባዶውን በማጠቢያ ያስኬደዋል። ባዶ ሲሄድ አሥራ ስምንቱም ቁጥሮች ዜሮ ይሆናሉ። ቢጎድልም የሚታየው ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ማንንም አያታልልም። ሰባት ወር እንዲህ ሠራ፤ እኔም በየሄድኩበት አወራሁለት።

የማላውቀው ሐሙስን ነበር። ሐሙስ የዶርዜ ገበያ ስለሆነ በደጋው መንገድ መኪና አይጠፋም፤ ከደጋ የሚወርዱ ሕመምተኞችም የሚበዙት ያን ቀን ነው። ዘነበ የራሱ ሰዎች መኪና አምልጧቸው ሲቀላ በረንዳ ላይ እንዲያድሩ አይፈልግም። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ የደጋዎቹን ደም አስቀድሞ ያደርግና፣ የባዶውን ማጠቢያ እየዘለለ አከታትሎ ይመረምር ነበር። ማሽኑ መርፌውን ራሱ ስለሚያጥብ ደም ከደም አይቀላቀልም፤ የሚቀረው ያቺ ዜሮ የምታደርገው ባዶ ሩጫ ብቻ ናት። ከክፋት አልነበረም፤ ለወገን ከማሰብ ነው። እኔ ግን አንድም ሐሙስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንዴት እንደሚሠራ አላየሁም።

ያን ሐሙስ ክሊኒኩ የሄድኩት ሁለተኛ ማተሚያ ልገጥም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ የደጋዎቹ መኪና ከወጣ ቆይቷል፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ዘነበ ብቻውን ዕቃ ያጥባል። ማተሚያውን ለመሞከር የቀኑን ውጤቶች ዝርዝር ከፈትኩ። ሁለት ተከታታይ ረድፎች ላይ ዓይኔ ቆመ።

«ዜኒ፣ እነዚህ ሁለቱ መንታ ናቸው እንዴ?» አልኩት እየሳቅኩ። «ከአምስተኛው ቁጥር ጀምሮ እስከ መጨረሻው አንድ ናቸው። ነጥቧ እንኳን አልተዛነፈች።»

«እነማን?»

«አንዱ ለመንጃ ፈቃድ የተመረመረ ጎረምሳ። ሁለተኛዋ አስቴር ትላለች።»

የሚያጥበውን ብልቃጥ ይዞ ዞረ። ውሃው ክንዱ ላይ ይወርዳል።

«የአስቴር ሄሞግሎቢን ስንት ይላል?»

«አሥራ አምስት ነጥብ ስድስት።»

«የልጁስ?»

«አሥራ አምስት ነጥብ ስድስት።»

«አስቴር ነፍሰ ጡር ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ዘጠኝ ወሯ ነው። በባሏ ተደግፋ ነው የገባችው። ከንፈሯ ነጭ ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ እኔም ገርሞኝ ነበር።»

«ገርሞህ ነበር? ታዲያ ለምን አልደገምከውም?»

«ኮምፒውተር ነዋ!» ብሎ ጮኸብኝ። ዘነበ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ያንቺ ኮምፒውተር ነዋ! አይሳሳትም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ሳቁ ከፊቴ ላይ እንዴት እንደ ጠፋ አላውቅም። የአስቴር ደም ያለበት ብልቃጥ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነበር። ዘነበ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። ከታች ክር የምታህል የረጋች ደም ነበረች። በስንጥር አወጣት። ማሽኑን ባዶውን አስኬደ፤ አሥራ ስምንት ዜሮ። ከዚያ የእሷን ደም ደገመው። ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን ያቺን ትንሿን፣ የናቅናትን ስክሪን አየን።

አራት ነጥብ ስምንት።

«ከአሥራ አንድ በታች መሆን አልነበረበትም» አለ ዘነበ። ሐኪሙ ያን ወረቀት አይቶ «ደምሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ድካሙ የእርግዝናው ነው፣ ምጥ ሲመጣ ትወርጃለሽ» ብሎ ሸኝቷታል። እውነተኛው ቁጥር ቢወጣ ኖሮ ከዚያች ክፍል ወደ ቤቷ አትመለስም ነበር፤ በቀጥታ ሆስፒታል ተኝታ ደም ይሰጣት ነበር። በዚህ ደሟ ብትወልድ፣ ሌላ ሴት የምትችለውን መድማት እሷ አትችለውም። ከደጋው ወደ ሆስፒታል ማምጣት ያለብን ምጡ ሳይጀምራት ነው።

ባሏ ጴጥሮስ ስልክ ቁጥር አስመዝግቦ ነበር። ስደውል ማግኘት አይቻልም ይላል፤ ደጋው ላይ ኔትዎርክ እንደ ደመናው ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። ሐኪሙን በስልክ አገኘነው። የሆነውን ነገርነው፤ «ሆስፒታል ደም እንዲዘጋጅ እኔ አደርጋለሁ፤ እናንተ ሴትዮዋን አምጧት» አለ። አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ነበር። ዘነበ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ከኋላ ተፈናጠጥኩ።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሜዳውን ጨርሶ ሽቅብ ሲታጠፍ ጠጠርና ጭቃ ነው፣ አንዱን ኩርባ ስትጨርስ ሌላው ይቀበልሃል። ግማሹ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ጣለብን። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን እንደያዙ ዳር ይይዛሉ። ሁለት ጊዜ ወደቅን። በሁለተኛው ጉልበቴ ተገሽልጦ ደማ። ትንሽ ደም ናት፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ አየኋትና ማልቀስ ጀመርኩ።

«ተነሽ!» አለኝ ዘነበ። «ማልቀስ ከተመለስን በኋላ ነው።»

ከመንገዱ ወደ ውስጥ፣ በእንሰቱ መሃል በእግር ሃያ ደቂቃ ሄድን። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢሆንም ጉሙ አጨልሞታል። የጴጥሮስ ቤት ከቀርከሃ የተጠለፈ ከፍ ያለ የዶርዜ ቤት ነው። ከበራፉ ሳንደርስ የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። እመቤቴን፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ! ወልዳለች፣ በሕይወት አለች፣ ተገላገልን ብዬ ነበር።

ጴጥሮስ በራፉ ላይ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሸማኔ ነው፣ እጆቹ ረጃጅም ናቸው። ዘነበን አውቆት በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገረው። የዘነበ ፊት ተለወጠ።

«ሴት ልጅ ወልዳለች» አለኝ። «ደሙ አልቆመም።»

ውስጥ እሳት ዳር ሴቶች ከበዋታል። ልብስ በልብስ ላይ ይደርባሉ። አስቴር ገና ልጅ ናት፣ ከእኔም ታንሳለች። እንደዚያ የነጣ ፊት አይቼ አላውቅም። የጴጥሮስ አባት አቶ አንጁሎ ቡሉኳቸውን አውልቀው ለቃሬዛው አነጠፉ። ጎረቤቶች ተጠሩ፤ ስምንት ወንዶች በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመዋት በእንሰቱ መሃል በሩጫ ወረዱ። ሕፃኗ ከአያቷ ጋር ቀረች።

በመንገድ ላይ ጴጥሮስ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ጠየቀኝ። «እህቴ፣ እናንተን ማን ጠራችሁ? እኛ ደህና ናት ተብለን ነው የመጣነው።»

እውነቱን ለመናገር አንድ ዕድል ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ውጤቱ ይደገም ተብሎ ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። እሱ ግን «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ለኛ ብላችሁ በዚህ ዝናብ» ብሎ አመሰገነኝ። አመሰገነኝ!

መንገዱ ላይ ቀርከሃ የጫነ አይሱዙ አገኘን። ጴጥሮስና ዘነበ ከላይ ጭነቱ ላይ ወጡ። ጋቢናው ውስጥ ሹፌሩ፣ እኔ፣ እሷ። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ እግሯን በሩ ላይ አስደገፍን። ሹፌሩ የቻለውን ያህል ነዳ። በየኩርባው እሷ ትንሽ ታቃስታለች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«የክሊኒክ ናት?» አለችኝ በተቆራረጠ አማርኛ። እኔን ማለቷ ነው።

«አዎ። አይዞሽ፣ ደረስን። ሆስፒታል ደም ተዘጋጅቶልሻል።»

እጇ ደረቷ ውስጥ ገባ። ብዙ ጊዜ ፈጀባት። የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ያን የእኔን ወረቀት፣ ማኅተም ያለበትን።

«ይሄን ሆስፒታል አሳይ» አለችኝ። «ደም ጥሩ ነው ይላል። ዶክተር አለ፣ በጣም ጥሩ ነው አለ። እንዳይፈሩ።»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። «እሺ» አልኳት። «አሳያቸዋለሁ።»

ሐይቆቹ በሚታዩበት ኩርባ ላይ ስንደርስ መሽቶ ሊጨልም የቀረው ጥቂት ነበር፤ ታች የከተማው መብራት በርቷል። እሷ ግን ከዚያ በፊት ሄዳለች። መቼ እንደሆነ በትክክል አላውቅም። ጭኔ ላይ የራሷ ክብደት ተለወጠብኝ፤ ሌላ ምልክት አልነበረም። ሹፌሩ መኪናውን ሳያቆም አንዴ አየኝ፣ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። ከላይ ጴጥሮስ ጣራውን በእጁ እየመታ «ደረስን አስቴር፣ ደረስን!» ይላል።

ሆስፒታሉ በር ላይ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ከነልብሷ ለጴጥሮስ ሰጡት። እኔ እውነቱን ሳልነግረው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓርብ ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ። ቅዳሜ ዘነበ መጣ። ወንበር ብሰጠውም አልተቀመጠም።

«ትናንት ቀበሯት» አለ። «ነገ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ይቀመጣሉ። ጴጥሮስ ጎሜዬ ነው የገደላት ብሏል።»

ዱቡሻ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት የአገሩ አደባባይ ነው። ጎሜ የሚሉትን ግን እኔ በስም ብቻ ነበር የማውቀው፤ ዘነበ አስረዳኝ። ሰው የተከለከለ ነገር ሠርቶ ሲደብቀው፣ የደበቀው ነገር በእሱና በቤተሰቡ ላይ በበሽታም በሞትም ይወጣል። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ በሰው ፊት ቆሞ መናገር።

«ጴጥሮስ እኮ ጴንጤ ነው» አልኩት። «ሐሙስ ቃሬዛውን ሲከተል እንኳን መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ አልነበር?»

«ሐዘን ሲመጣ ሰው የአባቱን ቤት ያስታውሳል። የሟች ወንድሙን የቀርከሃ ቦታ ድንበር ሁለት ክንድ ገፍቶ ነበር። እሷ የሞተችው በዚያ ነው ይላል። የአስቴር ወገኖች ደግሞ ሰምተዋል። ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ሕፃኗ እሱ ቤት አታድርም፣ እንወስዳታለን ብለዋል። ነገ የሚቆረጠው ይሄ ነው።»

«እንሂድ» አልኩት።

«ሄደሽ ምን ልትዪ?»

«እውነቱን።»

«እኔስ?» አለ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። የሚያውቀው የለም እኮ! ሐኪሙም ቢሆን አፉን አይከፍትም። አንቺ ደግሞ ምን ትሆኛለሽ? አዲስ አበባ ሄደሽ ሌላ ፕሮግራም ትጽፊያለሽ።»

እውነቱን ነው። በእሱ ላይ የሚያስፈርደውን ቃል እንዲተረጉምልኝ የምለምነውም እሱኑ ነው። በዚያች ሰዓት ጋሞኛ አለመማሬ እንደ ዕዳ ታየኝ። ዘነበ ወጥቶ ሄደ። እሑድ ማለዳ ግን ሞተሩ በራችን ላይ ሲንደቀደቅ ሰማሁ።

ዱቡሻው ትልልቅ ዛፎች የከበቡት የሣር ሜዳ ነው። ሽማግሌዎቹ ቡሉኮ ለብሰው በክብ ተቀምጠዋል። የአስቴር ወገኖች በአንድ በኩል፣ ሴቶች ከኋላ። ሕፃኗን አንዲት አክስቷ ታቅፋታለች። ጴጥሮስ መሃል ቆሞ ነበር። የሚናገረውን ባልሰማም ታውቆኛል፤ እጆቹን ዘርግቶ ሁለት ክንድ ይለካል። እነዚያን ረጃጅም እጆች! ሁለት ክንድ መሬት የሚስቱ ነፍስ ዋጋ መስሎት ራሱን ያሳጣል።

ሲጨርስ አቶ አንጁሎ ራሳቸውን አቀረቀሩ። የአስቴር አጎት ተነሥቶ ወደ ሕፃኗ አመለከተ። ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት።

«እኔ ልናገር» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ከሽማግሌዎቹ መሃል አቶ አንጁሎ አዩኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «አንተ ልጅ፣ ና። መሃል ቁም» አሉኝ።

ቆምኩ። ዘነበ አጠገቤ መጣ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ተናገርኩ። «አስቴርን የገደላት ድንበሩ አይደለም። የተሰጣት ወረቀት የእሷ አልነበረም። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእሷ በፊት የተመረመረ ሰው ቁጥር በእሷ ስም ታትሞ ወጣ። እውነተኛው ደሟ አልቆ ነበር። ቢታወቅ ኖሮ ወደ ቤቷ አትመለስም ነበር። ሐሙስ መንገድ ላይ ጴጥሮስ ሲጠይቀኝም ደበቅኩት።»

ዘነበ አልተረጎመም። ዝናብ ሊመጣ ነፋሱ ዛፎቹን ያንቀሳቅሳል። ቀና ብዬ አየሁት፤ ከንፈሩን ነክሷል። ከዚያ ጀመረ። ከእኔ ንግግር የሱ ረዘመ። በመሃል ደረቱን ሲመታ አየሁ። በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ማጠቢያውን እየዘለለ እንደነበር፣ የነጣ ከንፈሯን አይቶ ወረቀቱን እንዳመነ፣ ማንም ሳይጠይቀው የራሱን ጨምሮ ተናገረ።

ሴቶቹ መሃል ጩኸት ተነሣ። አንድ ወጣት ዱላ ይዞ ወደ እኛ ገሰገሰ። ሁለት ሽማግሌዎች ከሣሩ ላይ እፍኝ ለምለም ሣር ነጭተው ይዘው ከፊቱ ቆሙ። በዚያ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከፊትህ ከቆመ አታልፈውም። ወጣቱ ዱላውን ጥሎ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

አቶ አንጁሎ ጠየቁኝ። ዘነበ ተረጎመው። «ከአስቴር በፊት የነበረው ሰው ቁጥር ወደ እሷ ሄደ። ደግ። ታዲያ በሌሎቹ ሐሙሶችስ የማን ቁጥር ወደ ማን ሄደ?»

አላሰብኩትም ነበር። እምላችኋለሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አንዲት ሴት ብቻ ሳለቅስ፣ ሰባት ወር ሐሙስ እንደነበረ አላሰብኩም።

«አላውቅም» አልኩ።

«እንግዲያው ጎሜው ገና አልወጣም» አሉ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ተመካክረው። «እያንዳንዱ ሰው በራፍ ሄዳችሁ ትናገራላችሁ። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትሁን።»

አክስቲቱ ተነሥታ ሕፃኗን ጴጥሮስ እጅ ላይ አስቀመጠቻት። እሱ አልተመለከተንም።

የሰባት ወሩን ዝርዝር ፈተሽን። ተከታታይ ሆነው መጨረሻቸው አንድ የሆኑ ረድፎችን ስንቆጥር ከአስቴር ሌላ ዘጠኝ ሰዎች አገኘን። ዘጠኙም የደጋ ሰዎች። ለአምስት ሳምንት ከዘነበ ጋር በእግርም በሞተርም ዞርን። እየቆምን «ወረቀትዎ የእርስዎ አልነበረም» አልን። አንዱ ሽማግሌ ስቀው ቆጮ አበሉን። አንዲት እናት በሩን ዘጋችብን። አንዱ ከሦስት ወር በፊት ሞቷል፤ በምን እንደሞተ ማንም አያውቅም፣ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ እንቅልፍ ይነሣኛል። ዘነበ ከሥራ ታግዶ ከዓመት በላይ ባጃጅ ነዳ። ስንገናኝ ሰላምታ አለ፤ ጨዋታው ግን ቀርቷል።

እኔ ዛሬም ፕሮግራም እጽፋለሁ። ጋሞኛም ተምሬያለሁ፤ ሰዎች እንዲስቁብኝ እየፈቀድኩ እናገራለሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቢሮም ባንክም ክሊኒክም ብትሠሩ፣ የሰው ስም ያለበት ወረቀት በእጃችሁ ሲያልፍ ቀና ብላችሁ ሰውየውን እዩት። ከንፈሯ ነጭ ከሆነ ወረቀቱ ምንም ቢል ነጭ ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ይህንንም የተማርኩት በሌላ ሰው ሕይወት ነው።

ጴጥሮስን ከዚያ በኋላ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። አርባዋ ካለፈ በኋላ ሴቻ ድረስ አባቴን እያጠያየቀ መጣ። ግባ ብለውም እምቢ ብሎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ያቺን ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት። በማጠፊያዋ አልቃለች፤ አንዱ ጥግ ቡናማ ሆኗል።

«ሌላ ጽሑፍ የላትም» አለኝ። «ስሟ ያለበት ይሄ ብቻ ነው። ከዚህ ውስጥ የሷ የቱ ነው?»

ከስሟ ሥር ያሉትን የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮች በጣቴ አሳየሁት። «እነዚህ የሷ ናቸው።»

«ከዚህ በታችስ?»

«አይደሉም።»

መቀስ ጠየቀኝ። አመጣሁለት። ሸማኔ አይደል፣ ሳይጣደፍ፣ ከአራተኛው ቁጥር ሥር ቀጥ አድርጎ ቆረጠው። ስሟና አራቱ ቁጥሮች ያሉባትን ጠባብ ቁራጭ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ መልሶ አስቀመጣት። የቀረውን፣ አሥራ አራቱን፣ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለኝ፤ ተነሥቶም ሄደ።